ያረጀ ላንድክሩዘር በፍጥነት ሲንቀጠቀጥ፦ ንዝረቱን ከምንጩ አግኝቶ የማስተካከል ዝርዝር መመሪያ

ዕድሜ የጠገበ ፎር ዊል መኪና ያለው ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። ኮረኮንች ላይ መኪናው ደህና ነው። አስፋልት ወጥቶ 70 ወይም 80 ሲገባ ግን ወለሉ ይነዝራል፣ የኋላ ማያው መስታወት ይደበዝዛል፣ የማርሹ ዘንግ እጅ ላይ ይርገፈገፋል። ከዚያ ግምት ይጀመራል። አንዱ ጎሚስታ ሂድ ይላል። ሌላው ክሮቼራ (ኃይል አስተላላፊው ዘንግ የሚታጠፍበት ባለ መስቀል መጋጠሚያ) ቀይር ይላል። ሦስተኛው ሱፖርቶው (ሞተሩን የሚሸከመው ጎማ) ሞቷል ይላል። ሁሉም ያሉት ነገር መኪናን ያንቀጠቅጣል። ግን በግምት ሦስቱንም አሠርቶ ንዝረቱን እዚያው የሚያገኘው ሰው ብዙ ነው።

መኪና ውስጥ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ የራሱ ፍጥነት አለው። ንዝረቱ ከየትኛው ጋር አብሮ እንደሚሄድ ካወቃችሁ ጥፋተኛው ከሞላ ጎደል ተይዟል። ዕቃ የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው።

ለምሳሌ የምወስደው ላንድክሩዘር 70ን ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ወጥቶ ዛሬም ይመረታል። እኛ አገር ገጠር ውስጥ የማይታይበት ቦታ የለም። አሠራሩም ቀላል ነው፤ ከኋላ ድፍን አክስል፣ ባሌስትራ፣ ሁለት ክሮቼራ ያለው ሻፍት። ሃይሉክስም ሆነ ሌላ ያረጀ ፎር ዊል ያላችሁ፣ አካሄዱ ያው ነው።

ሻፍት የምለው ከትራንስፈሩ (ኃይልን ለፊትና ለኋላ አክስል ከሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን) አክስሉ ላይ ወዳለው ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርሰውን ረጅም የብረት ቱቦ ነው። በሁለቱም ጫፉ ክሮቼራ አለ፤ መስቀሉ በሁለት ሹካዎች መካከል ይቀመጣል፣ አራቱ ጫፎቹም ቀጫጭን መርፌዎች ባሏቸው ቆቦች ውስጥ ይዞራሉ። በተጨማሪም የሚረዝምና የሚያጥር ተንሸራታች ጥርስ አለው፤ ባሌስትራው በተጫነና በተለቀቀ ቁጥር ርቀቱ ስለሚለዋወጥ።

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ንዱት

ቀጥ ያለ፣ ሜዳ የሆነና መኪና የማይበዛበት አስፋልት ምረጡ። የጎማዎቹ ነፋስ አስቀድሞ ይስተካከል። ሁለተኛ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እሱ ይጻፍ፣ ነጂው መንገዱን ይይ።

መጀመሪያ ንዝረቱ በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚጀምር፣ በስንት እንደሚብስና ከዚያ በላይ እንደሚቀንስ ወይም እንደማይቀንስ ያዙ። ቀጥሎ ያንኑ ፍጥነት በአራተኛ፣ ከዚያም በአምስተኛ ማርሽ ሞክሩት። በሁለቱም ማርሽ ላይ በዚያው ፍጥነት ከመጣ ጉዳዩ የሞተሩ ዙር አይደለም። ማርሽ ሲቀየር ንዝረቱም ቦታ ከቀየረ ግን ሞተሩን፣ ፍሪሲዮኑንና ሱፖርቶውን ጠርጥሩ።

ቀጣዩ ፈተና ከሁሉም በላይ ይናገራል። ንዝረቱ በሚብስበት ፍጥነት ላይ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ማርሹን ዜሮ አድርጉና መኪናው በራሱ ይንከባለል። ቁልፉን አታጥፉ፤ የመሪና የፍሬን እገዛ ይጠፋል። ንዝረቱ ሳይለወጥ ከቀጠለ ጎማ፣ ቸርኬ ወይም ሚዛኑን የሳተ ሻፍት ነው። ነዳጅ ስትሰጡ የሚብስ፣ ስትለቁ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ክሮቼራ፣ ወደ ሻፍቱ ማዕዘን ወይም ወደ ዲፈረንሻሉ የፒኞን (ከሻፍቱ ኃይል የሚቀበለው ትንሹ ጥርስ) ኩሽኔታ ይዞራል። ጭነት ሲያርፍባቸው ቦታ የሚለቁት እነሱ ናቸውና።

የት እንደሚሰማም ልብ በሉ። መሪው ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከፊት ጎማ ነው። ወንበርና ወለል ላይ ከሆነ ከኋላ ጎማ ወይም ከሻፍት ነው። ጉድጓድ መትታችሁ መሪው በድንገት ግራ ቀኝ መወራጨት ከጀመረና ፍጥነት እስክትቀንሱ ካልቆመ ግን ሌላ በሽታ ነው። የታይሮድ ጫፎችን፣ የፊት አክስሉን ጎሚኒዎችና ጎማው የሚዞርባቸውን የኪንግ ፒን ኩሽኔታዎች አስፈትሹ። ይህን ይዞ ረጅም መንገድ አይወጣም።

ትንሽ ሒሳብ

ይህን ክፍል አትዝለሉት፤ ብዙ ገንዘብ ያድናል። የ7.50 አር 16 ጎማ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ጊዜ ሲዞር 2.5 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪናው በሰከንድ 22 ሜትር ስለሚጓዝ፣ ጎማው በሰከንድ 9 ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው። ብዙ ላንድክሩዘር 70ዎች ዲፈረንሻላቸው 4.11 ነው። ጎማው አንዴ ሲዞር ሻፍቱ 4.11 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ በዚሁ ፍጥነት ሻፍቱ በሰከንድ 36 ጊዜ አካባቢ ይሽከረከራል።

ልዩነቱ በሰውነት ይታወቃል። ሚዛን የሳተ ጎማ ድብ ድብ ያደርጋል፣ ሊቆጠር ምንም አይቀረው። ሚዛን የሳተ ሻፍት ፈጣን መንዘር ነው፤ ወንበሩ ላይ እንደ ዥረት ይሰማል። የክሮቼራ ማዕዘን ሲዛባ ደግሞ ሻፍቱ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚመታ በሰከንድ ወደ 73 ይደርሳል። ይህ ከመንቀጥቀጥ ይልቅ ጆሮ ላይ የሚያገሳ ጉምጉምታ ይሆናል። ስልካችሁ ላይ ንዝረት የሚለካ አፕ ጭናችሁ ወለሉ ላይ ብታስቀምጡት ቁጥሩን ራሱ ይነግራችኋል።

የዲፈረንሻላችሁን ቁጥር የማታውቁ ከሆነ አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ አንሱ። ሌላው መሬት ላይ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን። የተነሳውን ጎማ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩና ሻፍቱ ስንት እንደዞረ ቁጠሩ። ከአራት ዙር ትንሽ ካለፈ 4.11 ነው። የሚቆልፍ ዲፈረንሻል ከሌለው ይህ ይሠራል።

ጎማው አስቀድሞ ይጣራ

የሻፍት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጎማና ቸርኬ ነጻ መሆናቸው መረጋገጥ አለበት። በጎማው ላይ እብጠት ወይም ያልተስተካከለ አበላል ፈልጉ። ቸርኬውን አንስታችሁ እያዞራችሁ መጣመሙን እዩ። ውስጡ የደረቀ ጭቃ ካለ አጥቡት፤ አንድ ጎን ላይ የደረቀ ጭቃ ብቻውን ሚዛን ያስታል። ባላንስ አሠሩ፣ ከዚያ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ቀያይሩ። ንዝረቱ አብሮ ቦታ ከቀየረ ሻፍቱን አትንኩት።

ከመኪናው ሥር ስትገቡ

ደህንነቱን ቀድሜ ልበል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አይገባም። ጠንካራ የብረት መደገፊያ ይኑር፣ መሬት ላይ ያሉት ጎማዎች በፊትም በኋላም ታኮ ይደረግባቸው። ሻፍት ከተፈታ በኋላ ማርሽ ማስገባት መኪናውን ላይይዘው ይችላል። በላንድሮቨር ዲፌንደርና በድሮዎቹ ላንድክሩዘር 40ዎች ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ራሱ የሚይዘው ትራንስፈሩ ጀርባ ላይ ያለውን ታምቡር ነው። የኋላው ሻፍት ሲፈታ የእጅ ፍሬኑም የኋላ ጎማዎቹን መያዝ ያቆማል። እነዚህ ላይ ታኮ የግድ ነው።

አሁን ማርሹን ዜሮ አድርጉና ሻፍቱን በሁለት እጅ ያዙ። ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ጠምዝዙት። ዓይናችሁ ክሮቼራው ላይ ይሁን። በመስቀሉና በሹካው መካከል በዓይን የሚታይ ክፍተት ካለ ክሮቼራው አልቋል፣ ክርክር የለውም። በቆቦቹ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ከታየም ውስጡ ግራሶ የለም ማለት ነው። ቀስ ብላችሁ ስትነዱ ጭር ጭር የሚል ደረቅ ድምፅም የዚሁ ምልክት ነው።

ከዚያ የፍላንጁን (ሻፍቱ በብሎን የሚታሰርበትን ሳህን መሰል ብረት) ብሎኖች አንድ በአንድ በቁልፍ ሞክሩ። አንድ የላላ ዳዶ ብቻውን ይህን ሁሉ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። የሻፍቱ ቱቦ ድንጋይ መትቶት ተሰርጉዶ እንደሆነ በእጃችሁ ዳስሱ። የተበየዱት ትንንሽ የሚዛን ብረቶች ወድቀው ከሆነ የብየዳው ጠባሳ ይታያል። የፒኞኑን ፍላንጅ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ከተነቃነቀ ችግሩ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፓራውልዮውም (የዘይት ማገጃው ጎማ) ዘይት ያፈሳል። የትራንስፈሩን ፍላንጅ እንዲሁ ሞክሩ። የሞተርና የካምቢዮ ሱፖርቶም ጎማው ተሰንጥቆ ወይም በዘይት ሟሙቶ እንደሆነ እዩ። ሻፍታችሁ ሁለት ቁራጭ ከሆነ፣ እንደ ብዙ ሃይሉክሶች፣ መሃል ላይ ያለውን ኩሽኔታና የያዘውን ጎማ አትርሱ።

ሻፍቱን ለይቶ መሞከር

አሁንም ካልተለየ የማምንበት ዘዴ አለ። በፓርት ታይም ፎር ዊል መኪና (ሲፈለግ ብቻ በአራቱም ጎማ በሚነዳው) የፊት ሀቦቹ (የፊት ጎማዎቹን ከአክስሉ የሚያገናኙትና የሚለዩት መቆለፊያዎች) ፍሪ ላይ ሲሆኑና ትራንስፈሩ ሁለት ጎማ ላይ ሲሆን የፊቱ ሻፍት አይዞርም። ትራንስፈሩን ሳትነኩ ሀቦቹን ብቻ ሎክ አድርጉና ንዱ። አሁን የፊቱ ሻፍት ይዞራል። ንዝረቱ ፍሪ ላይ ከሌለ፣ ሎክ ላይ ከመጣ ጥፋተኛው ከፊት ነው። ሀቦቹ ሎክም ሆኑ ፍሪ ለውጥ ከሌለ የኋላውን ሻፍት ፍቱና ሀቦቹን ሎክ፣ ትራንስፈሩን አራት ጎማ ላይ አድርጋችሁ በፊት ጎማ ብቻ ንዱት። አጭር፣ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ ያለ ጭነት። ንዝረቱ ከጠፋ የኋላውን ሻፍት በእጃችሁ ይዛችሁታል። ፍላንጅ ባለው ሻፍት በዚህ ጊዜ ዘይት አይፈስም።

ክሮቼራ አቀያየር

1. ከመፍታት በፊት ቀለም። በትራንስፈሩ ፍላንጅና በሻፍቱ ላይ፣ በተንሸራታቹ ጥርስ ሁለት ክፍሎች ላይ፣ በፒኞኑ ፍላንጅና በሻፍቱ ላይ በነጭ ቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ።

2. ብሎኖቹን ፍቱ፤ በቶዮታ ብዙ ጊዜ በ14 ቁልፍ ይፈታሉ። አንዱን ጫፍ ፈትታችሁ ሻፍቱ በሌላኛው ክሮቼራ ላይ እንዳይንጠለጠል ደግፉት። ተንሸራታቹን ጥርስ አታላቅቁት።

3. ክሮቼራውን አጽዱና አራቱን ሰርክሊፖች (ቆቦቹን የሚይዙትን ቀለበቶች) አውጡ። ሹካውን ሞርሳ ላይ አድርጋችሁ ቆቡን በትንሽ ቡሶላ ከአንድ ወገን ግፉት፣ በሌላው ወገን ትልቅ ቡሶላ ይቀበለው። በመዶሻ መደብደብ የሹካውን ቀዳዳ ያበላሻል። ሻፍቱን በቱቦው በኩል ሞርሳ ውስጥ አታጥብቁ፤ ይሰረጉዳል።

4. የወጣውን መስቀል እዩት። መርፌዎቹ ቦይ የቆፈሩበት ከሆነ ንዝረቱ ከየት እንደመጣ አያችሁ። የሹካው ቀዳዳ ራሱ ሰፍቶ ከሆነ ግን አዲስ ክሮቼራ አይረዳም።

5. አዲሱን ስትገዙ ጥሩውን ግዙ። ኮዮ እና ጂኤምቢ የታወቁ የጃፓን አምራቾች ናቸው፤ ግን የካርቶኑን ጽሑፍ ብቻ አትመኑ። ቆቡን ከፍታችሁ መርፌዎቹ ሙሉ መሆናቸውን፣ መስቀሉ ያለ ጭረት የተለሰነ መሆኑን ተመልከቱ። የግራሶ ማስገቢያ ኒፕል ያለውን ምረጡ።

6. ስታስገቡ ኒፕሉ የግራሶ ፓምፕ በሚደርስበት አቅጣጫ ይሁን። ቆቡ እስከ ሰርክሊፑ ቦታ ካልገባ አንዲት መርፌ ወድቃ ሥር ተጋድማለች። አታስገድዱት፣ አውጡና አስተካክሉ።

7. ሰርክሊፖች በተለያየ ውፍረት ይገኛሉ። በተቃራኒ ወገን ያሉት ሁለቱ እኩል ይሁኑ፣ አለዚያ ሻፍቱ ከመሃል ይወጣል። ቶዮታ የሚፈቅደው ክፍተት ከ0.05 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ በእጅ ሲነቀነቅ ምንም መሰማት የለበትም። መስቀሉ በትንሽ ጥንካሬ፣ ሳይንገጫገጭ መዞር አለበት። ከጠነከረ የሹካውን ጆሮ በቀላል መዶሻ ትንሽ መታ አድርጉ፣ ይለቃል።

8. ግራሶ በአራቱም ቆቦች እስኪወጣ ድረስ አስገቡ። ባንዱ በኩል እምቢ ካለ ሻፍቱን ወዲያ ወዲህ እያጠፋችሁ ሞክሩ። ተንሸራታቹ ጥርስ ላይ ግን ቆጠብ በሉ። ከልክ በላይ ከሞላ ሻፍቱ ማጠር ያቅተዋል፣ ግፊቱም የትራንስፈሩና የፒኞኑ ኩሽኔታ ላይ ያርፋል።

9. በቀለሙ መስመር መልሱ። ዳዶና የሞላ ቀለበት ካረጁ ይቀየሩ። በመስቀለኛ ቅደም ተከተል አጥብቁ።

ቀለሙ ለምን አስፈለገ?

ክሮቼራ ታጥፎ ሲዞር የሚወጣው ፍጥነት እኩል አይደለም። በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ሁለተኛው ክሮቼራ ይህን ተቃርኖ ያጠፋዋል። ግን ይህ የሚሆነው የሻፍቱ ሁለቱ ሹካዎች በአንድ መስመር ላይ ሲሆኑ ነው። ተንሸራታቹ ጥርስ ተላቆ አንድ ጥርስ ስቶ ከተመለሰ ማጥፋቱ ይቀርና አዲስ ክሮቼራ ያለው መኪና ከበፊቱ ብሶ ይንቀጠቀጣል። “ጋራዥ ከገባ በኋላ ነው የጀመረው” ከተባለ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው። ሻፍቱን ከጎን ሆናችሁ ተመልከቱ፤ የኋላው ሻፍት ሹካዎች መተያየት አለባቸው። አንዳንድ ሞዴሎች ላይ ግን የፊቱ ሻፍት ከፋብሪካ ሆን ተብሎ ዞር ተደርጎ ይገጠማል። ለፊቱ የሞዴላችሁን መጽሐፍ ወይም የራሳችሁን ቀለም እመኑ።

ባሌስትራ የተጨመረበት መኪና

እኛ አገር ለጭነት ባሌስትራ መደመር የተለመደ ነው። ደክሞ የወረደውን ማስነሳትም እንዲሁ። ይህ ሲሆን የሻፍቱ ማዕዘን ይለወጣል። መኪናው በጎማው ቆሞ፣ የተለመደውን ጭነት ይዞ፣ በስልክ ወይም በማግኔት የማዕዘን መለኪያ ሦስት ነገር ለኩ፦ የትራንስፈሩን ፍላንጅ፣ የሻፍቱን ቱቦ፣ የፒኞኑን ፍላንጅ። መለኪያውን በየጊዜው በአንድ አቅጣጫ ያዙ።

ትራንስፈሩ ወደ ኋላ 3 ዲግሪ ቢያዘቀዝቅ፣ ሻፍቱ 7 ቢሆን፣ ፒኞኑም 3 ቢሆን፣ የፊተኛው ክሮቼራ 4 ዲግሪ፣ የኋለኛውም 4 ዲግሪ ታጥፏል። ደህና ነው፣ ይጠፋፋሉ። ፒኞኑ 0 ሆኖ ከተገኘ ግን የኋለኛው 7 ይሆናል። ይህ ያንቀጠቅጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው። እያንዳንዳቸውም ከ3 ዲግሪ በታች ቢሆኑ ይመረጣል። ከፍ ያለ ፎር ዊል ላይ ይህ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ስለዚህ እኩልነቱን አስቀድሙ።

ማስተካከያው በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የሚገባ ሽብልቅ ብረት ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 3 ዲግሪ ያስፈልጋል። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ተቀምጦ ፒኞኑን ወደ ላይ ማንሳት ከፈለጋችሁ ወፍራሙ ጫፍ ወደ መኪናው ኋላ ይሁን። ከአክስሉ በታች ከሆነ ተቃራኒው ነው። አሉሚኒየም ይሰነጠቃልና የብረቱን ምረጡ፣ ዩቦልቶቹንም ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና አጥብቁ።

ባዶ ሆኖ ደህና የሆነ፣ ተጭኖ ሲነሳ ግን የሚርገፈገፍ መኪናም አለ። ኃይል ሲመጣ የደከመው ባሌስትራ ይጣመምና ፒኞኑ ወደ ላይ ይቀናል። እዚህ ሽብልቅ መፍትሔ አይሆንም፤ ባሌስትራው ይታደስ።

የሻፍት ሚዛን

ክሮቼራው አዲስ፣ ሹካው በመስመር፣ ማዕዘኑ እኩል ሆኖ ንዝረቱ ካልጠፋ ሻፍቱ ጠሟል ወይም ሚዛን ስቷል። ቶርኖ ቤት ውሰዱትና በዳያል መለኪያ ያዙሩት። በብዙ የቶዮታ ሻፍቶች መጣመሙ ከ0.8 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። ካለፈ ቱቦው ይቀየራል። በብየዳና በመዶሻ የተቃና ሻፍት ላይ ገንዘብ አታውጡ።

ቀጥ ብሎ ሚዛኑ ብቻ ከጎደለና የሻፍት ባላንስ የሚሠራ ቤት ካጣችሁ ይህን ሞክሩ። የውሃ ቱቦ ማሰሪያ ፋሼታ ዲፈረንሻሉ አጠገብ ባለው የሻፍት ጫፍ ላይ እሰሩ። የማጥበቂያው ራስ ከባዱ ክፍል ነው። በሩብ ዙር እያዞራችሁ አራቱንም ቦታ እየነዳችሁ ሞክሩ። ንዝረቱ የቀነሰበትን ያዙ፣ በዚያ ዙሪያ ትንሽ ትንሽ አንቀሳቅሱት። ካነሰ ሁለተኛ ፋሼታ ጨምሩ፣ ከበዛ ሁለቱን ራሶች አራርቁ። አንዳንዶች መኪናውን አንስተው ጎማው በአየር ላይ እየዞረ ከሥር ሆነው ይሞክሩታል። ይህን በፍጹም አታድርጉ፤ የሚዞር ሻፍት ልብስ ይዞ ሰው ይገድላል።

ፒኞኑ ከተነቃነቀ

የመሃሉን ትልቅ ዳዶ አጥብቆ መሸኘት ብዙ ቦታ ይሠራል። መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ያ ዳዶ የኩሽኔታውን ግፊት የሚወስን ነው። በብዙ ዲፈረንሻሎች ውስጥ ደግሞ አንዴ ከተጨመቀ የማይመለስ ቱቦ አለ። ዝም ብሎ ሲጠብቅ ኩሽኔታው ይግላል፣ ጥርሱም አብሮ ይበላል። ዲፈረንሻሉ ወርዶ፣ ኩሽኔታዎቹ ተቀይረው፣ ግፊቱ ተለክቶ ይግጠም። ውድ ነው፤ አዲስ ጥርስ ከመግዛት ግን ይረክሳል።

ሥራው ሲያልቅ ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ ፍጥነት፣ ያንኑ ሰው ይዛችሁ ደግማችሁ ንዱና ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጋር አስተያዩ። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ የፍላንጁን ብሎኖች በቁልፍ ንኩ። ከዚያ ወዲያ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ክሮቼራው ግራሶ ይጠጣ። ወንዝ ከተሻገራችሁ ወይም ጭቃ ውስጥ ከዋላችሁ ግን የዘይት ቀን አትጠብቁ፤ ውሃው መርፌዎቹ ውስጥ ሳያድር በአዲስ ግራሶ አስወጡት።